ስልኩ ተሰክቶ ለምን ይወርዳል?

የመኪና ኤሌክትሪክ ጥያቄዎቻችሁ፣ ከድሬዳዋ

ጥያቄ፦ ሳቢያን ነው የምኖረው። በኮሮላ ከድሬ ሐረር፣ አንዳንዴም ጅግጅጋ ድረስ በኮንትራት ሰው አመላልሳለሁ። ስልኬ ሳምሰንግ ነው፣ ታይፕ ሲ። ከኋላ የሚቀመጥ ተሳፋሪም እንዲጠቀምበት ብዬ ሁለት ሜትር ገመድ ገዛሁ፤ «120 ዋት፣ 6 አምፔር» የሚል ተጽፎበታል። የምሰካው ቴፑ ላይ ባለው ዩኤስቢ ነው። የስልኩን ማፕ በመኪናው ስክሪን የሚያሳየው አንድሮይድ አውቶ የደንገጎ ዳገት ጠመዝማዛው ላይ ሁለት ሦስቴ ይቋረጥብኛል። ሲቋረጥ ስልኩን መያዣው ላይ አድርጌ በራሱ ስክሪን ማፕ እከፍታለሁ፤ ያኔ ደግሞ ተሰክቶም ፐርሰንቱ ይወርዳል። ከድሬ በ63 ተነስቼ ሐረር ስገባ 50 ላይ አገኘዋለሁ። ይህ ሦስተኛ ገመዴ ነው። አቦ፣ ጥፋቱ የገመዱ ነው፣ የስልኩ ነው ወይስ የመኪናው?

መልስ፦ ገመዱን ከነደብዳቤው ስለላክልኝ አመሰግናለሁ። ባትልከው ኖሮ ግማሹን በግምት ነበር የምመልስልህ። ቆርጬዋለሁና ይቅርታ አድርግልኝ፤ ግን ከመቁረጤ በፊት ለክቼዋለሁ።

5.1 ቮልት የሚሰጥ የቻርጀር ጭንቅላት ላይ ሰካሁትና በሌላኛው ጫፍ 1 አምፔር እንዲስብ አደረግሁ። ጫፉ ላይ የደረሰው 4.2 ቮልት ነው። ወደ አንድ ቮልት የሚጠጋው መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። የሚስበውን ወደ 1.5 አምፔር ስጨምረው 3.8 ላይ ወረደ፤ ገመዱን ጨበጥ ሳደርገው ለብ ብሏል። ስልክ ሞኝ አይደለም፤ የሚመጣው ቮልት ሲዳከምበት የሚስበውን ራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ያንተ ስልክ ጭንቅላቱ መስጠት የሚችለውን ሳይሆን ገመዱ ያሳለፈለትን ነው ሲወስድ የከረመው።

ከዚያ በምላጭ ሰነጠቅሁት። ላዩ የተጠለፈ ጨርቅ ነው፣ ያምራል፣ ሲይዙትም ጠንካራ ነው። ከጨርቁ ሥር ወፍራም ላስቲክ አለ። ላስቲኩ ውስጥ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭና አረንጓዴ ሽቦ አገኘሁ፤ አራቱም እኩል ቀጭን ናቸው። የቀዩን ልባስ ስገፈው የፀጉር ያህል ቀጫጭን ሰባት ክሮች ወጡ። አንተ ውፍረት ብለህ ገንዘብ የከፈልክበት ነገር ላስቲክና ጨርቅ ነው።

በእነዚህ አራት ሽቦዎች ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ቀዩና ጥቁሩ ኃይል ያመላልሳሉ፤ ነጩና አረንጓዴው ዳታ። ጥሩ ገመድ የሚሠራ ሰው ቀዩንና ጥቁሩን ከሌሎቹ ያወፍራቸዋል፤ ብዙ ኃይል የሚያልፈው በእነሱ ነዋ። የሽቦ ውፍረት በቁጥር ይጠራል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል። ባንተ ገመድ ውስጥ ያለው 28 ቁጥር የሚባለው ነው፤ አንድ ሜትሩ ወደ 0.21 ኦም ይከለክላል (ኦም ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚከለክልበት መለኪያ ነው)። 24 ቁጥር ግን 0.08 ኦም ገደማ ብቻ ነው። ደግሞም ኤሌክትሪክ በቀዩ ሄዶ በጥቁሩ ይመለሳል፤ ሁለት ሜትር ገመድ ስትገዛ አራት ሜትር ሽቦ ነው የገዛኸው። ለተሳፋሪ ብለህ ያስረዘምከው አንድ ሜትር ከስልክህ ላይ ተቀንሷል። ለኋላ ሰው ሌላ ገመድ ለብቻ ይኑርህ፤ ያንተ ግን ከማርሹ እስከ መያዣው ከደረሰ ይበቃዋል።

«120 ዋት፣ 6 አምፔር» ስለሚለው ጽሑፍ። በዩኤስቢ ደንብ ታይፕ ሲ በሁለቱም ጫፍ ያለው ማንኛውም ገመድ 3 አምፔር መሸከም አለበት። ወደ 5 አምፔር ለመውጣት ደግሞ ጫፉ ውስጥ አቅሙን ለቻርጀሩ የሚናገር ትንሽ ቺፕ ሊኖረው ግድ ነው። 6 አምፔር የሚባል ነገር በደንቡ ውስጥ የለም። አንዳንድ ስልክ አምራቾች የራሳቸው ፈጣን አሠራር አላቸውና 6 አምፔር የሚያሳልፍ ገመድ ይሠራሉ፤ እሱ ግን የሚያገለግለው ከራሳቸው ጭንቅላትና ከራሳቸው ስልክ ጋር ብቻ ነው። ሳምሰንግ ላይ ብትሰካው ያ ቁጥር ምንም አይጨምርልህም። በሰባት የፀጉር ክር ላይ የተጻፈ 6 አምፔር ደግሞ ውሸት ነው፤ ይህን ስጽፍ እየተናደድኩ ነው፣ ምክንያቱም የዕለት ገቢህ በዚህ ስልክ ላይ ነው ያለው።

ጥፋቱ ሁሉ ግን የገመዱ አይደለም። የቴፕ ዩኤስቢ፣ በተለይ ቆየት ያሉ መኪኖች ላይ፣ ብዙ ጊዜ 0.5 አምፔር ብቻ ነው የሚሰጠው፤ በ5 ቮልት ሲባዛ 2.5 ዋት። የተሠራው ፍላሽ ዲስክ ለማንበብ ነው። በድሬ ፀሐይ የስልኩን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍተህ፣ ማፕ፣ ዳታና ጂፒኤስ አብረው ሲሠሩ ስልኩ የሚበላው ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። የገባው ከወጣው ካነሰ ተሰክቶም ይወርዳል። ስለዚህ ማፑን በስልኩ ስክሪን የምታይ ከሆነ ከቴፑ ንቀለውና ሲጋራ መለኮሻው ላይ በሚሰካ ደህና ጭንቅላት አድርገው፤ 18 ወይም 20 ዋት ለማንኛውም ስልክ ይበቃል። አንድሮይድ አውቶ በገመድ የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ቴፑ ላይ መሰካቱ ግዴታ ነው፣ ግን ማፑ በመኪናው ስክሪን ስለሚታይ የስልኩን ስክሪን ማጥፋት ትችላለህ። ያን ጊዜ ያቺ ትንሽ ኃይል እንኳ ብዙ ጊዜ ትበቃዋለች። ገመዱ አሳምሮ ቢሠራልህ ኖሮ ወደ ስልኩ ስክሪን አትመለስም ነበር፣ ፐርሰንቱም አይወርድም ነበር። ሁለቱ ችግሮችህ አንድ ናቸው የምለው ለዚህ ነው።

መቋረጡስ? አንድሮይድ አውቶ ከቻርጅ በላይ ጨዋታ አለው፤ በነጩና በአረንጓዴው ሽቦ በየቅጽበቱ ምስል፣ ድምፅና ንክኪ ይመላለሳል። ለአፍታ ከተላቀቀ ስልኩ ቻርጅ መውሰዱን ላይተው ይችላል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ይሆናል። ጉግል ራሱ ለዚህ ሥራ ገመዱ ከአንድ ሜትር ያጠረ ይሁን፣ ማስረዘሚያም አይቀጠልበት ነው ምክሩ። ያንተ እጥፉ ነው።

ለምን ደንገጎ ላይ? ከታች ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስተህ ያን ዳገት በጠመዝማዛ ስትወጣ ስልኩ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ረጅሙ ገመድ ደግሞ በክብደቱ ጫፉን ይጎትተዋል። ወደ እኔ የመጣህ ዕለት ስልክህን ተቀብዬ ቀዳዳውን በባትሪ መብራት አየሁት። አጥፍቼው በእንጨት የጥርስ መፋቂያ ከጥግ ወደ ውጭ ቀስ ብዬ ስጎረጉር የታመቀ የኪስ ክርና የድሬ አቧራ ወጣ፤ አንድ የምስር ፍሬ ያህላል። ከዚያ በፊት ጫፉ ሲገባ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይተርፍ ነበር፤ ከተጠረገ በኋላ «ቀጭ» ብሎ ቁጭ አለ። ሦስት ገመድ ከመቀየርህ በፊት ይህን ያደረገልህ ሰው ቢኖር ሁለቱ ባልተገዙ ነበር። በመርፌ ወይም በብረት ነገር ግን አትሞክረው፤ ታይፕ ሲ ውስጥ መሐሉ ላይ ቀጭን ምላስ አለች፣ እሷ ከተጫረች ስልኩ ጥገና ነው የሚገባው።

እንግዲህ አራተኛውን ገመድ ስትገዛ ቁጥሩን አትመን። ታይዋን ገበያ ስትገባ መኪናህን ቅርብ አቁመህ ሻጩን «ሰክቼ ልየው» በለው። እምቢ ካለ ከሌላው ግዛ፣ ሱቅ ሞልቷል። ቴፑ ላይ ስትሰካው አንድሮይድ አውቶ ከተነሳ የዳታ ሽቦ አለው ማለት ነው። ቻርጅ ብቻ ብሎ ዝም ካለ፣ ወይ ነጩና አረንጓዴው ጭራሽ የሉም፣ ወይ የሰካኸው የመኪናው ቀዳዳ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ነው፤ ሁለት ቀዳዳ ያላቸው መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻ ነው ዳታ ያለው። ከዚያ ጫፉን ይዘህ ቀስ ብለህ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርገው፤ ስክሪኑ ካልጠፋ ደንገጎንም ይወጣል። ርዝመቱ ከ50 ሳንቲ እስከ አንድ ሜትር ይሁን። ከቻልክ ጫፉ በጎን የታጠፈውን ምረጥ፤ መሪ ስታዞር እጅህ አይነካውም፣ ቀዳዳውንም አይወጥረውም። ጨርቅ የተጠለፈበት መሆኑ ከበር ጠርዝና ከወንበር ሐዲድ መፋተግን ይቋቋማል፤ ያን ያህል ጥቅም አለው፣ ከዚያ በላይ ግን ስለ ውስጡ ምንም አይነግርህም።

አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ በኩል ሰፊው ዩኤስቢ፣ በሌላው ታይፕ ሲ የሆነ ገመድ ጫፉ ውስጥ 56 ኪሎ ኦም የምትሆን ትንሽ ሬዚስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የምትከለክል ዕቃ፣ ልትኖረው ይገባል። ስልኩ «ይህ ተራ ዩኤስቢ ነው፣ ብዙ አልሳብ» ብሎ የሚያውቀው በእሷ ነው። ርካሽ የሚሠሩት አንዳንዶቹ በቦታዋ 10 ኪሎ ኦም ይከቱና ስልኩ 3 አምፔር እንዲጠይቅ ያደርጉታል። 0.5 አምፔር ብቻ የሚችል ቴፕ ላይ ይህ ሲሆን የቴፑ ዩኤስቢ ሊሞት ይችላል። ለገመድ ትንሽ ጨምረህ ስትከፍል ቴፑንም ነው የምታድነው።

ጥያቄ፦ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ፣ ተሳቢ ነው የምይዘው። በሁለት ወር ሦስት የመኪና ቻርጀር ተቃጠለብኝ። ሻጩ «ገመዱ ነው የሚያቃጥለው» ብሎኝ ውድ ገመድ ገዛሁ። ሦስተኛው ቻርጀር የተቃጠለው በውዱ ገመድ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገመዱን ተወው፤ ጭንቅላቱን ገልብጠህ ጎኑን አንብብ። የትናንሽ መኪኖች ኤሌክትሪክ 12 ቮልት ነው፤ ያንተ መኪና ግን 24። ሞተር ተነስቶ ዲናሞው ሲጭን ደግሞ ወደ 28 ቮልት ይደርሳል። ጎኑ ላይ «12 ቮልት» ብቻ የሚል ጭንቅላት ከዚህ ጋር ብዙ አይቆይም፤ ደወሌ ሳትደርስ ሽታው ይመጣል። «12–24» ወይም «12–32» የሚል ፈልግ፤ ሳጥኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ላይ የተጻፈውን ተመልከት።

አንዳንድ ሹፌሮች ሌላ መላ ሲጠቀሙ አያለሁ፦ መኪናው ካለው ሁለት ባትሪ ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ይቀጥላሉ፣ ለቴፕም ለቻርጀርም። ይህን አታድርግ። ሁለቱ ባትሪዎች የሚሞሉት በአንድ ተራ ተያይዘው ነው። ከአንዱ ብቻ እየተቀነሰ ሲሄድ እሱ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ሌላው ደግሞ ከልክ በላይ ይሞላል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ይበላሻሉ። ከቻርጀር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ለቴፕ 12 ቮልት የግድ ካስፈለገህ ከ24 ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር አስገጥም።

ውዱን ገመድ አስቀምጠው። ከትክክለኛው ጭንቅላት ጋር ያገለግልሃል።

ጥያቄ፦ ገንደ ቆሬ ባጃጅ እሠራለሁ። ቻርጀር መሰኪያ የለኝምና አንድ ልጅ የስልኩን ገመድ ቆርጦ በሬዚስተር ቀንሶ ከባትሪው ጋር ሊያያይዝልኝ ነው። ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም፤ እባክህ ልጁን ዛሬውኑ አስቁመው። ሬዚስተር ቮልት «የሚቀንሰው» እንደሚያልፍበት አምፔር ነው። ስልኩ ሲስብ ይቀንሳል፤ ስልኩ ሞልቶ መሳብ ሲያቆም መቀነሱም ይቆማል፣ ያን ጊዜ 12 ቮልቱ ከሞላ ጎደል እንዳለ 5 ቮልት የሚጠብቀው ስልክ ላይ ይደርሳል። በዚህ መንገድ የሞተ ስልክ ወርክሾፔ ድረስ መጥቶ አይቻለሁ። ባለቤቱ ልጅ ነበር፤ ስልኩ የሁለት ወር ቁጠባው ነበር። ለእሱ ላደርግለት የምችለው ነገር አልነበረም።

የሚያስፈልግህ ከ12 ወደ 5 ቮልት የሚቀይር፣ ዩኤስቢ ቀዳዳ ያለውና ውሃ መከላከያ ክዳን የተሠራለት የሞተር ሳይክል ቻርጀር ነው። ቀዩን ሽቦ ከባትሪው አጠገብ በ3 አምፔር ፊውዝ አሳልፈው። ፊውዙ ቻርጀሩ ጋ ቢሆን ዋጋ የለውም፤ በመሐል ሽቦው ተፋትጎ ከሻንሲው ጋር ቢነካካ የሚነደው ሽቦው ነው። ከቁልፉ በኋላ ካለው መስመር ቀጥለው፣ ቁልፍ ስታወጣ አብሮ እንዲጠፋ። ገመዱ 50 ሳንቲ ይበቃል፤ ዳታ አለው የለውም አያስጨንቅህ፣ አንተ የምትፈልገው ቻርጅ ብቻ ነው። ክረምት ሲገባ ጫፉን ከፍ አድርገህ ሳይሆን ወደ ታች አንጠልጥለህ እሰረው፤ ውሃው ወደ ቀዳዳው አይወርድም።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነው የምጽፈው፤ ዕድሜዬ ገፍቷል። ፔጆ 404 አለኝ፣ አሁንም እነዳዋለሁ። ልጄ ከውጭ አይፎን 13 ላከልኝ። አብሮት የመጣው ገመድ በሁለቱም በኩል ትንሽ ጫፍ ነው፤ የመኪናው ቻርጀር ላይ ያለው ቀዳዳ ደግሞ ሰፊው ነው፣ አይገባም። ገመዱን ልቀይር?

መልስ፦ አባባ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ለመኪናዎም ጭምር። ገመዱን አይቀይሩ፣ እሱ ደህና ገመድ ነው። ወደ ስልክዎ የሚገባው ጫፍ ላይትኒንግ ይባላል፤ አይፎን እስከ 14 ድረስ የሚጠቀመው እሱን ነው፣ ከ15 ወዲህ ወደ ታይፕ ሲ ዞሯል። ሌላኛው ጫፍ ታይፕ ሲ ነው። ስለዚህ የሚቀየረው ጭንቅላቱ ነው፦ ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያለው፣ 20 ዋት የሚል ይግዙ። በእሱ ሲሰኩት ስልክዎ ግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ እስከ ግማሽ ሊሞላ ይችላል።

አንድ የማሳስብዎ ነገር አለ። 404 ሲሠራ ዩኤስቢ የሚባል ነገር በዓለም ላይ አልነበረም፤ የወጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። መኪናዎ ላይ ያለው መሰኪያ ኋላ ላይ በሰው እጅ የተጨመረ ወይም ለዓመታት ሲጋራ የተለኮሰበት ሊሆን ይችላል። ወደ ውስጥ በመብራት ይመልከቱት፤ ታችኛው ነጥብ ከጠቆረ ባትሪው ተነቅሎ በአሸዋ ወረቀት ይጠረግ። ሽቦው ላይ ፊውዝ መኖሩንም ኤሌክትሪሺያንዎ ያረጋግጥልዎ። ያ ሳይሆን አዲሱን ጭንቅላት አይሰኩ።

ጥያቄ፦ ለገሃሬ የምኖር አስተማሪ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀትር መኪናዬ ውስጥ ስልኬን ስሰካው ትንሽ ቆይቶ ቻርጅ ማድረግ ያቆማል። ማታ ግን በዚያው ገመድ ይሠራል። ገመድ ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማታ የሚሠራ ገመድ በቀትርም ይሠራል። የቆመው ስልኩ ራሱ ነው፣ ሙቀት ፈርቶ። የስልክ ባትሪ ሲሞላ ይሞቃል፤ አፕል ለምሳሌ ስልኩ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ እንዲሠራ ነው የሚመክረው። ድሬ ውስጥ በግንቦትና በሰኔ ጥላ ሥር እንኳ 35ን የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ ተዘግታ ፀሐይ ላይ የዋለች መኪና ውስጥ ያለውን አንቺው ታውቂዋለሽ፣ መሪው አያስጨብጥም። በዚያ ላይ ስልኩ መስታወቱ ሥር ዳሽቦርድ ላይ ከተቀመጠ ቻርጅ ማቆሙ ባትሪውን ከመነፋት ያድነዋል።

መጀመሪያ አራቱንም በር ከፍተሽ አየሩ ይውጣ። የስልኩን ሽፋን አውልቂው፤ ላስቲኩ ሙቀት ይይዛል። ስልኩን ከዳሽቦርዱ አንስተሽ የአየር ማውጫው ፊት አድርጊው፣ ወይም ፀሐይ የማያገኘው የበር ኪስ ውስጥ። ሽቦ አልባ ቻርጀር ግዢ የሚል ሰው ካለ ለድሬ ቀትር አይሆንም፤ ከገመድ የበለጠ ያሞቃል። ስልኩ ሲበርድ ሳትነኪው ራሱ መሙላት ይጀምራል። በቸኮልሽ ቀን እንኳ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቺው፤ ከሙቀት በድንገት ወደ ቅዝቃዜ ሲገባ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፣ ያ ደግሞ ከሙቀቱ የባሰ ነው።